ነፍሰ ጡርን ስለ ጥቃት መጠየቅ ትዳር አያፈርስም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በዚህ ሰሞን አንድ የአዳማ ነዋሪ የሆኑ ጸሐፊ፣ አዋላጆች በእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ ነፍሰ ጡሮችን «በቤትሽ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ሰው አለ ወይ?» ብለው መጠየቃቸው እንዲቀር የሚሞግት ረዘም ያለ ጽሑፍ አውጥተዋል። ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ነፍሰ ጡር በባህላችን የተከበረች ስለሆነች አትመታም፤ የምትመታ ብትኖርም ቁጥሯ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለዚህም በአገር አቀፍ ዳሰሳ የተገኘው የ4 በመቶ አኃዝ ምስክር ነው። ጽንሱ በሽርት ውሃ ተከቦ ስለሚኖር ጥፊና ግፊያ አይደርስበትም፤ ሕፃናትን ከክብደት በታች የሚያስወልደው ድህነትና የደም ማነስ ነው። የጠቡ ምንጭ መጠጥና ጫት ነው። ሴቶቹ ራሳቸው የባልን ዱላ ተቀብለውታል፤ ሕጉም በቂ ነው። በመጨረሻም፣ የቤት ገበና የሽማግሌ ጉዳይ ስለሆነ ነርስ እጇን ብታስገባበት ትዳር ይፈርሳል።

እኔ በዚሁ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጽሑፉ በስድብ ሳይሆን በቁም ነገር የተጻፈ በመሆኑ፣ ከሥራ ባልደረቦቼም አንዳንዶቹ ተመሳሳይ ነገር ሲናገሩ ስለምሰማ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ከባህሉ ልጀምር። ነፍሰ ጡርና አራስ በኦሮሞ ባህል ልዩ ክብር እንዳላቸው ጸሐፊው መግለጻቸው ትክክል ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበትን ድምዳሜ ግን ባህሉ ራሱ አይደግፈውም። ከአዳማ ወጣ ብሎ በአርሲ የወለደች ሴት ቀነፋ የተባለውን የአራስነት ምልክት ግንባሯ ላይ አስራ ትቆያለች፤ ቀነፋ ያሰረችን ሴት መምታት ቀርቶ መስደብም ነውር ነው። እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት ሲንቄም ለጌጥ ብቻ የምትያዝ በትር አይደለችም። ሚስቱን፣ ይልቁንም አራስ ሚስቱን የመታ ባል ሲገኝ የአካባቢው ሴቶች የቤት ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ በሥርዓቱ መሠረት ሳይክስ በቀላሉ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሰው የማይፈጽመውን ጥፋት ለመቅጣት እንዲህ ያለ ሥርዓት አይዘረጋም። እነዚያ እናቶች ዱላው በእርግዝናና በአራስነት ጊዜም እንደሚኖር አውቀው መከላከያውን አበጁለት፤ መከላከያውም ነገሩን በጓዳ ከመቅበር ይልቅ ሴቶችን አደባባይ የሚያወጣ ነበር። ስለዚህ ባህሉን ለዝምታ ጠበቃ አድርጎ ማቅረብ ባህሉን መበደል ይመስለኛል። ዛሬ ከሌላ አካባቢ መጥታ በአዳማ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት ሲንቄ ይዛ የምትወጣላት ጎረቤት ላይኖራት ይችላል። በዘጠኙ ወራት ውስጥ ከቤቷ ውጭ ደጋግማ የምታገኘው ሰው ቢኖር የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነው።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ የ4 በመቶው አኃዝ የተገኘው በ2008 ዓ.ም. ከተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በአገር አቀፉ ዳሰሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተቱትም በዚያ ዓመት ነበር። አኃዙ የሚያመለክተው አርግዘው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል በእርግዝና ወቅት አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ብቻ ነው፤ ዛቻን፣ ማዋረድን፣ ገንዘብ መከልከልንና በግድ የሚፈጸም ወሲብን አይጨምርም። በዚያው ዳሰሳ፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ከባላቸው እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ በኦሮሚያ ይህ አኃዝ 38 በመቶ ሲሆን ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል 66 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ እርዳታ አልፈለጉም፣ ለማንም ሰው አልተናገሩም። 4 በመቶን የጠቀሰ ሰው እዚያው ምዕራፍ ውስጥ የተቀመጠውን ይህን 66 በመቶ ሊዘለው አይገባም ነበር፤ ምክንያቱም ለቅርብ ሰው እንኳ የማይነገር ጥቃት ለዳሰሳ ጠያቂም ሳይነገር ሊቀር ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ቁጥር ከእውነታው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁመው ሁለተኛው ነው።

በእርግዝና ላይ ብቻ ያተኮሩ፣ ሦስቱንም ዓይነት ጥቃት የሚጠይቁ ጥናቶች የሚሰጡት ሥዕል የተለየ ነው። በአገራችን ልዩ ልዩ ከተሞች የተካሄዱ 8 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ትንታኔ፣ ከነፍሰ ጡሮች 26 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከባል ወይም ከፍቅር ጓደኛ ጥቃት እንደሚደርስባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያን የወከለው የቡታጅራ አካባቢ ነበር፤ በዚያ በእርግዝና ጊዜ አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸው 8 በመቶ፣ በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከባላቸው የደረሰባቸው ደግሞ 71 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ በተካሄደባቸው አብዛኞቹ ቦታዎች በእርግዝና ወቅት ከተመቱት መካከል ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት የተመቱት ሆዳቸው ላይ ነው፤ የመታቸውም በአብዛኛው የጽንሱ አባት ነው።

ይህ ሁሉ ቀርቶ 4 በመቶውን እንዳለ ብንቀበለው፣ ከ25 ሴቶች አንዷ ማለት ነው። በአገር አቀፉ ዳሰሳ በዚያው ዓመት በአዋቂዎች መካከል የተገኘው የኤች አይ ቪ ሥርጭት ከ1 በመቶ በታች ነበር፤ ሆኖም እያንዳንዷን ነፍሰ ጡር እንመረምራለን፣ መመርመራችንም ትክክል ነው። ከዚያ አራት እጥፍ በላይ የሆነን አደጋ «ጥቂት ነው» ብሎ ማለፍ በየትኛው መለኪያ እንደሚሆን ጸሐፊው ቢያብራሩት መልካም ነበር።

ጽሑፉ አንባቢን ለአደጋ ሊያጋልጥ የሚችለው በሽርት ውሃው ነጥብ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሽርት ውሃ ጽንሱን ከቀላል ግጭት እንደሚጠብቀው እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታትም ማሕፀን በዳሌ አጥንት ውስጥ ስለሚቀመጥ ከውጭ የሚመጣ ምት በቀላሉ አያገኘውም። ከዚያ በኋላ ግን ማሕፀን ከዳሌ ወጥቶ ሆድን እየሞላ ያድጋል፤ ሆድ ላይ ያረፈ ርግጫም በቀጥታ የሚያገኘው እሱን ነው። በዚህ ጊዜ ትልቁ አደጋ የሚያንዣብበው እንግዴ ልጁ ላይ ነው። የማሕፀን ግድግዳ ሲገፋ ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፤ እንግዴ ልጅ ግን እንደዚያ የመለጠጥ አቅም የለውም። ስለዚህ ግድግዳው በድንገተኛ ምት ቅርጹን ሲለውጥ እንግዴ ልጁ አብሮት መለወጥ ስለማይችል ከተጣበቀበት ቦታ ያለ ጊዜው ሊላቀቅ ይችላል። ውሃውም ቢሆን የደረሰበትን ኃይል ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያስተላልፋል እንጂ ውጦ አያስቀረውም። ልጁ ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ብቻ ነው፤ የተላቀቀው ክፍል ሰፊ ከሆነ ልጁ በማሕፀን ውስጥ ሊሞት፣ እናቲቱም በደም መፍሰስ ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አንባቢ በተለይ እንዲያውቀው የምፈልገው ይህ ደም ሁልጊዜ ወደ ውጭ እንደማይወጣ ነው። ከእንግዴ ልጁ ጀርባ ተጠራቅሞ ሊቀር ይችላል፤ ሴትየዋ «ደም አላየሁም» ብላ ቤቷ ትቀመጥና ሆዷ እየጠነከረ፣ ሕመሙ እየበረታ፣ የልጁ እንቅስቃሴ እየቀነሰ ይሄዳል። ምልክቱ ከተመታች በኋላ ወዲያው ላይታይም ይችላል። ስለዚህ ከአምስተኛው ወር በኋላ ሆዷ ላይ የተመታች ወይም ተገፍትራ የወደቀች ሴት ምንም ባይሰማትም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት፤ ምን እንዳገኛት በትክክል መናገሯም ለሕክምናው ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም «ራሴን አመመኝ» ብላ የመጣችን ሴት ለሰዓታት አስተኝቶ የልጁን የልብ ምት የሚከታተል ባለሙያ የለም። ሌላም አለ። የደሟ ዓይነት አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት ሆዷ ሲመታ የልጁ ደም ከእርሷ ደም ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ ይህ ሲሆን በቶሎ የሾተላይ መከላከያ መርፌ ካልተሰጣት ጉዳቱ ለሚቀጥለው እርግዝናዋ ይተርፋል። ይህችን ሴት ማንም ካልጠየቃት መርፌው እንደሚያስፈልጋት እንዴት ይታወቃል?

እጅ ያልተነሣባት ነገር ግን በፍርሃት የምትኖር ነፍሰ ጡርም ከጉዳት ነፃ አይደለችም። የማያቋርጥ ጭንቀት ኮርቲዞልን የመሰሉ ሆርሞኖችን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ከ37 ሳምንት በፊት ከሚመጣ ምጥና ከ2,500 ግራም በታች ከሚሆን የልደት ክብደት ጋር ይያያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ፣ ከባላቸው ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው በ16 በመቶ እንደሚጨምር፣ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ እንደሆነ፣ ጽንስ የማቋረጥ ዕድላቸውም ከሁለት እጥፍ እንደሚበልጥ አስፍሯል። ድባቴው ከወሊድ በኋላም ይቀጥላል፤ የተሰበረች እናት ጡት ማጥባትም ክትባት ማስከተብም ይከብዳታል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ድህነትና የደም ማነስ የበለጠ ይጎዳሉ ይሉ ይሆናል። ድህነት ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ አልክድም፤ 16 በመቶም ብቻውን ሁሉንም ነገር የሚያብራራ ቁጥር አይደለም። ይሁን እንጂ ድህነትንና ጥቃትን እንደ ሁለት ተፎካካሪ ምክንያቶች ማቅረብ የሴቶቹን ኑሮ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። ሳንቲም ሳይቀር በባሏ እጅ ያለባት ሴት የባጃጅ ስለሌላት ክትትል ትዘገያለች። የአይረን ኪኒን ሰጥተናት ስትመለስ ደሟ ከፍ ሳይል እናገኘዋለን፤ ኪኒኑን ትውጣለች፣ ነገር ግን ገበታው ላይ የምትደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሲኮረፍባት ደግሞ ጭራሽ አይገዛላትም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ ዳሰሳ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዘገዩት ሁሉ ተበድለው ነው አልልም፤ ከዘገዩት መካከል ግን መዘግየታቸው የራሳቸው ውሳኔ ያልሆነ እንዳሉ በየቀኑ አያለሁ። ካርዱ ላይ «የደም ማነስ» ተብሎ የሚጻፈው ነገር ምንጩ ጠብ የሆነበት ቤት አለ።

መጠጥና ጫትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መጠጥ ጥቃትን እንደሚያባብስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ የሚጠጡ ባሎችን መርዳትም ይገባል። ይህ ግን ለነገ ሥራ ነው፤ ዛሬ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠችውን ነፍሰ ጡር ከመጠየቅ የሚያስቀር ምክንያት አይሆንም።

ሴቶቹ ራሳቸው ተቀብለውታል ለሚለው፣ ጸሐፊው የጠቀሱት 63 በመቶ እውነተኛ አኃዝ ነው። በ2008ቱ ዳሰሳ፣ ወጥ ማቃጠልን፣ ሳይናገሩ ከቤት መውጣትንና የመሳሰሉትን ጨምሮ ከአምስት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ትክክል ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ጸሐፊው የተዉት ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። በ1992 ዓ.ም. 85 በመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 81 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 68 በመቶ ነበር። በወንዶች በኩል ከ1997 እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ከ52 ወደ 28 በመቶ ወርዷል። እንዲህ እየተለወጠ ያለን አስተሳሰብ ቋሚ ፈቃድ አድርጎ መውሰድ አይቻልም። ደግሞም ሴትየዋ ዱላውን ብትቀበለውም ባትቀበለውም እንግዴ ልጁ ላይ የሚደርሰው አንድ ነው።

ሕጉ በቂ ነው የሚለውም ከፊሉ ብቻ ትክክል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛ ላይ በሚፈጸም ኃይል አካላዊም ሆነ አእምሯዊ ጉዳት ያደረሰ ሰው በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንደሚጠየቅ ይደነግጋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመውን ብቻ ስለሚያነሣ፣ ሐኪም እረፍት ያዘዘላት ነፍሰ ጡር በግድ ብትደፈር በዚህ አንቀጽ አትዳኝም። ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግም የለንም፤ ሴትየዋ የፍቺ ክስ ሳታቀርብ ባሏ እንዳይቀርባት ፍርድ ቤት የሚያዝበት የጥበቃ ሥርዓት አልተዘረጋም። በቂ የሚባለው ሕግ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ትዳር ያፈርሳል ወደተባለው ጥያቄ ልምጣ። ጸሐፊው የገመቱት ይመስለኛል፣ አዋላጇ ሴትየዋን «ተመትተሻል፣ ተፋቺ» ብላ የምትመክር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ የሚለው ሌላ ነው። በጥቃት የመጣ ወይም የተባባሰ ሊሆን የሚችል የጤና ችግር ሲታይ፣ ባለሙያዋ ሠልጥና፣ ምሥጢር የሚጠበቅበት ቦታ ኖሮ፣ ቀጥሎ የሚደረገው እርዳታ ሲታወቅ፣ ስለ ጥቃት መጠየቅ በእጅጉ ሊታሰብበት ይገባል ይላል። ጥያቄው ሴትየዋ ብቻዋን ባለችበት ይቀርባል፤ መልሷ ይደመጣል፣ አይመረመርም፣ አይፈረድበትም፤ ዛሬ ማታ ቤቷ ብትመለስ ምን ሊያገኛት እንደሚችል አብረን እናስባለን፤ ውሳኔው የእርሷ ነው። ከባሏ ጋር መኖር የምትፈልግ አብራው ትኖራለች፤ እኛ ግን እርግዝናዋን እንደ ከፍተኛ አደጋ ቆጥረን ቀጠሮዋን እናቀራርባለን።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳይ። የደም ግፊት ስለካ የቀኝ እጅን እጠይቃለሁ። በአዳማ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ የመጣች እናት የግራ እጇን ትዘረጋለች፤ «ቀኙን ስጪኝ፣ እህቴ» ስላት ባሏን ታያለች። የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር ስጠይቅ መልሱን የሚሰጠኝ ባሏ ነው። በዚህ ጊዜ ምንም አልጠይቃትም፤ በእርሱ ፊት የሚቀርብ ጥያቄ ማታ ቤት ውስጥ ዋጋ ያስከፍላታል። የሽንት ምርመራ አዝዤ ለብቻዋ እንድትወጣ አደርጋለሁ፤ በመተላለፊያው ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጠይቃታለሁ። ብዙ ጊዜ «የለም» ነው መልሱ። አንዳንዴ በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ሳልጠይቃት፣ እርሷው ታነሣዋለች።

ስለ ሽማግሌ ሳነሣ አክብሮቴ ሙሉ ነው። ሽምግልና ያስታረቃቸውን ቤቶች አውቃለሁ። ነገር ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው ጠቡ ከተሰማ በኋላ ነው፤ ቀጠሮ ይሰጣል፣ «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» ይባላል፣ ባል ይመከራል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እርግዝና ይህን ያህል አይታገሥም፤ የተላቀቀ እንግዴ ልጅ የሚሰጠው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ሽማግሌው የልጁን የልብ ምት ማዳመጥ አይችልም፤ እኔም ባልና ሚስትን ማስታረቅ አልችልም። አንዱ የሌላውን ሥራ ማስቀረት አያስፈልገውም። ነፍሰ ጡሮችን ስለ ኤች አይ ቪ መመርመር ሲጀመርም ትዳር ያፈርሳል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ባልና ሚስት አብረው ሲመረመሩ እናያለን፤ ልጆችም ከቫይረሱ ነፃ ሆነው እየተወለዱ ነው።

ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ትክክል ናቸው። አዋላጆች ጊዜ የላቸውም፤ አብዛኞቹ ክፍሎችም ለእንዲህ ያለ ጨዋታ አይመቹም ሲሉ የጻፉት እውነት ነው። እኔ የምሠራበት ክፍል ሁለት አልጋ አለው፤ በመካከላቸው መጋረጃ ብቻ ነው፤ አስታማሚዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ከበሩ አጠገብ ስለሆነ የምንናገረው ሁሉ ይሰማል። ተሰምቶ የሚያልፍ ጥያቄ ካልተጠየቀ ይብሳል፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለንም። ከዚህ ተነሥቶ ግን ጥያቄው ይቅር ማለት አይቻልም። የሚያስፈልገን የሚዘጋ በር ያለው አንድ ክፍል፣ ለእያንዳንዷ እናት ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ፣ ባሎችን በአክብሮት ውጭ የምናቆይበት የታወቀ አሠራርና ወዴት እንደምንልካት የሚነግር ወረቀት ነው። አዳማ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለችም፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በከተማችን ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች መጠለያ አለው፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ጸሐፊው በከተማችን የሚሰማ ድምፅ እንዳላቸው አይቻለሁ፤ ድምፃቸውን ጥያቄውን ለማስቀረት ከሚያውሉት፣ ጤና ጣቢያዎች ይህ ክፍል እንዲሠራላቸው ለመጠየቅ ቢያውሉት እኔና ባልደረቦቼ አብረናቸው እንፈርማለን።